የእትዬ ክላራ ጠረጴዛ

ዲኬተር፣ አትላንታ
ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጥላዬ፣

በስምህ ብቻ ስለጠራሁህ አትቀየመኝ። «ውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። አሁንም ሚስትህ ነኝ ወይስ አይደለሁም የሚለውን አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልጠየቅኩህም። ልጃችን ከተወለደች ጀምሮ በእሷ ስም እጠራህ የነበረውን ልጽፍ ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እስቲ እስኪፍታታ ድረስ በዚሁ ልቀጥል።

እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ወፍሬያለሁ፤ መንገድ ላይ ብታገኘኝ ታልፈኛለህ። አንተ ገዳሪፍ ላይ በርና አልጋ እየሠራህ እንደሆነ፣ ወባው እንደተወህ፣ ጢምህን እንዳሳደግህ ባለሱቁ ሽፈራው ከዚያው ጽፎልኛል። ስለ ጢሙ የምለው አለኝ፤ ይቆየኝ። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ ጠረጴዛ ነው። አትሳቅ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ስለ ልጃችን ነው፤ አንተን የምጠይቅህ አንድ ጥያቄም አለኝ፣ መልሱን ከአንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ስለዚህ የእሷ ነገር ሲነሳ እንደ ድሮው ተነሥተህ እንዳትወጣ። ተቀመጥና ጨርሰህ አንብብልኝ።

የምሠራው ክላራ የሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። ወገባቸው ይዟቸዋል፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ጠዋት ከባቡር ወርጄ እገባለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ ቤቱን አጸዳለሁ፣ ወደ ማታ እመለሳለሁ። እዚህ አገር አሮጊቱንም ሕፃኑንም በስሙ ነው የሚጠሩት። እኔ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ «እትዬ ክላራ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው ቢሉኝ ለታላቅ፣ ለምናከብራት ሴት የሚባል ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲያነሱ ሁሉ «እትዬ ክላራ ነኝ» ይላሉ፤ የደወለው ሰው ግራ ገብቶት ይዘጋል።

ጠረጴዛው ከበሩ እንደገባህ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆሟል። አያታቸው ከጣሊያን አገር በመርከብ ያመጡት ነው አሉ፤ አያትየው ሲገዙትም አሮጌ ነበር። አሠራሩ ሮኮኮ ይባላል። ጥላዬ፣ ቀጥ ያለ ነገር የለውም! አንተ የአንዱን ወንበር እግር ለማቃናት አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ግማሽ ቀን የምታነጣጥር ሰውዬ፣ የዚህን እግሮች ብታይ «ይኼን የሠራው ሰክሮ ነው» ትል ነበር። ከላይ ወደ ውጭ ያብጣሉ፣ ከታች ወደ ውስጥ ይቀጥናሉ፣ መጨረሻቸው ላይ የፍየል ሰኮና አላቸው። ዙሪያው ሁሉ ተፈልፍሏል፤ ቅጠል አለ፣ ጽጌረዳ አለ፣ የባሕር ዛጎል አለ። ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ትንንሽ አበቦች ተሥለውበታል። ጫፍ ጫፉ የወርቅ ቅብ ነበር፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ግን ተፍቆ ከሥሩ ቀዩ መደብ ይታያል። መጀመሪያ ሲያዩት ያስቃል፤ ቆይተው ሲያዩት ግን የሠራው ሰው ሲሠራ ደስ ብሎት እንደነበር ይታወቃል። እንጨቱ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ አንተ ብታንኳኳው ትነግረኝ ነበር።

ከገበታው ሥር፣ ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ማዕዘን፣ ሁለት የሕፃን ፊቶች ተቀርጸዋል። አካል የላቸውም፤ ከአንገታቸው ሥር ክንፍ ብቻ ነው ያለው። የቀኙ ቀለሙ ተልጦ አልቆ እንጨት ብቻ ቀርቷል፣ ዓይንም አፍም የለውም። የግራው ግን ሙሉ ነው። ጉንጩ ቀላ ብሏል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ የሆነ ነገር ሊጠይቅ የፈለገ ልጅ ይመስላል።

እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅ ነኝ። ቀና ባልኩ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች እያዩኝ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ሳያቸው ጫማዬን አወለቅኩና፣ ጎንበስ ብዬ የግራውን ተሳለምኩት። አስቤበት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ገብቼ ኮቴን ሳልሰቅል በፊት እሳለመዋለሁ። ምን ትይው ነበር ካልከኝ፣ ልጃችንን አደራ እለው ነበር። በሰው አገር አፈር ላይ ናትና ጠብቃት እለው ነበር። አንተ አጠገቧ እንዳለህ ዘንግቼ አይደለም። ለአንተም ጨምሬ ነበር የምጸልየው።

ባለፈው ወር ማርግሬት መጣች። የእትዬ ክላራ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ግን ተቀምጣ አታውቅም። የቤቱን ዕቃ ለማስገመት አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰውዬ ይዛ ነበር የመጣችው። ሰውዬው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ በማጉያ መነጽር ሲያይ ቆየና፣ «የግራው ፊት ቀለም የዱሮው አይደለም። ሌላ ሰው ነው በኋላ የቀባው፣ ቅቡ ያበላሸዋል። ይኼን ብናስለቅቀው ከሥሩ እውነተኛውን እናገኘዋለን» አላት። ማርግሬትም ሞክረው አለችው። ከቦርሳው ጠርሙስ አወጣ፣ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልሎ ነከረ፣ የልጁን ጉንጭ ጠርዝ ጠረግ አደረገው። ጥጡ ሮዝ ሆኖ ወጣ።

ለእትዬ ክላራ ሾርባ ይዤ ነበር። ሰሃኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ በኋላ መስኮቱ ላይ ነው የተገኘው። ብቻ ራሴን በሰውዬውና በጠረጴዛው መካከል ቆሜ አገኘሁት። «አይነካም!» አልኩ፤ በአማርኛ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ «የመልአክ ፊት አይፋቅም» አልኩት።

ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አልተቆጣም። «መልአክ እኮ አይደለም፣ እመቤት» አለኝ። «ኩፒድ ነው። የጥንት ሰዎች የሚያመልኩት፣ የፍቅር አምላክ የሚሉት ነው።»

ጥላዬ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ልነግርህ አልችልም። ጣዖት! እኔ የቄስ ወልደ ማርያም የልጅ ልጅ፣ ከዓመት በላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ጣዖት ስስም ከርሜያለሁ። ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም። ጉንጩ ላይ ጥጡ ያለፈበት ዱካ ይታየኝ ነበር። ጣዖትም ይሁን ሌላ፣ የሚፋቀው የሕፃን ፊት ነው። ማርግሬት ፊቷ ቀላ። «አንቺ እዚህ የመጣሽው አክስቴን ልትረጂ ነው። ካልተነሳሽልኝ ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለችኝ። ሥራዬ ሄደ ብዬ ቆረጥኩ። ሥራው ከሄደ የቤት ኪራዩም፣ የማታ ትምህርቱም አብረው እንደሚሄዱ እያወቅኩ ነው የቆምኩት።

ከሳሎን የእትዬ ክላራ ድምፅ መጣ። «ማርግሬት፣ ልጄን ተዪልኝ።»

እኔን ያሉ መስሎን ነበር፣ ሁላችንም። በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡ፤ እሳቸው ከወንበር ያለ እኔ አይነሱም፣ ያን ቀን ግን ተነሡ። መጥተው እጃቸውን የግራው ሕፃን ራስ ላይ አሳረፉ። «ሰውዬው ልክ ነው፣ በኋላ የተቀባ ነው» አሉ። «የቀባሁት እኔ ነኝ። ቶማስ ይባላል። ልጄ ነው።»

ማርግሬት አክስቷ ልጅ እንደነበራቸው ሰምታ አታውቅም። ልጁ ገና ሳያድግ የጉሮሮ በሽታ ነው የወሰደው። አባትየው ከቀብሩ ሲመለሱ ፎቶዎቹን ሁሉ ሰብስበው የት እንዳደረጓቸው ሳይታወቅ ቀረ፤ ስሙም ቤት ውስጥ እንዳይነሳ አሉ። ለሚስታቸው ያዘኑ መስሏቸው ነው። እትዬ ክላራ ያኔ የሴቶች ትምህርት ቤት ሥዕል አስተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን ባላቸው ከተማ ሲወጡ ብሩሻቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉና፣ የአንዱን ባለ ክንፍ ሕፃን ፊት የልጃቸውን መልክ አድርገው ቀቡት። ለማንም ሳይናገሩ።

ማርግሬት እያለቀሰች፣ «አጎቴ አወቀ?» አለቻቸው።

«አንድም ቀን አልተናገረም» አሉ። «ግን ማታ ከሥራ ሲገባ ኮቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይጥል ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ኮቱን የሚጥለው በቀኝ በኩል ሆነ። ቶማስን ሸፍኖት አያውቅም። የቀኙን ፊት እንዲህ ልጦ የጨረሰው የእሱ ኮት ነው። ሁለታችንም እያወቅን፣ ሁለታችንም ዝም እንዳልን፣ ዕድሜያችን አለቀ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ለካ ከወንበራቸው ፊት ለፊት ባለው መስታወት ኮሪደሩ ይታያል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲያዩኝ ኖረዋል። «እሱ ከሞተ በኋላ ልጄን የሚያውቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉኝ። «አንቺ ከዚያ ሁሉ አገር መጥተሽ ጠዋት ጠዋት ትስሚልኛለሽ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ ከጠየቅኩሽ ታቆሚያለሽ ብዬ ፈራሁ። እግዚአብሔር ያክብርሽ።»

እኔን እግዚአብሔር ያክብርሽ! ገና እንደመጣሁ፣ ቋንቋ ሳላውቅ፣ ባቡር ተሳስቼ ስሄድ፣ አርፍጄ ስገባ አንድ ቀን ያልተቆጡኝ፣ ብርድ ልብሳቸውን ያለበሱኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ነኝ ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ያለቀስኩት። ማርግሬትም ይቅርታ አድርጊልኝ አለችኝ፤ ዛሬ ዛሬ ቅዳሜ እየመጣች ከአክስቷ ጋር ስለ ቶማስ ታወራለች። ሰውዬው እንኳ ጥጡን ኪሱ ከተተና፣ «የነካሁትን ቦታ ራስዎ ቢያስተካክሉት ይሻላል፣ እኔ ከዚህ በኋላ አልነካውም» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። እሱንም አመሰግነዋለሁ። ያንን ጥጥ ባያወጣ ይኼ ሁሉ አይነገርም ነበር።

በማግስቱ ለአረጋሽ ነገርኳት። ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ናት፤ በመኪናዋ ወደ ቤት እያደረሰችኝ ነበር። መሪውን ለቃ ጮኸችብኝ። «ለጠረጴዛ ብለሽ ጆብሽን ሉዝ ልታደርጊ? ሱ አድርገው ፍርድ ቤት ቢያቆሙሽስ? ሎየር ከየት ታመጪ ነበር?» አለችኝ። ስጨርስላት ግን መኪናውን ዳር ላይ ፓርክ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች፤ ኋላችን ያሉት ሁሉ ጥሩምባ ይነፉብን ነበር።

የጣዖቱ ነገር ግን አላስተኛኝ አለ። አባ ገብረሕይወት ዘንድ ሄጄ፣ «አባቴ፣ ሳላውቅ ጣዖት ስሜአለሁ፣ ንስሐ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ስትስሚው ምን ትይ ነበር?» አሉኝ።

«ልጄን ጠብቅልኝ።»

«ታዲያ ጸሎትሽ የት የቀረ መሰለሽ፣ ልጄ? እዚያ እንጨት ውስጥ?» ብለው ሳቁ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ጠሩኝና፣ «ለማንኛውም ስግደት ጨምሪ፣ ለወገብም ጥሩ ነው» አሉኝ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ እየደረስኩ ነው። አልተነሣህም አይደል?

ነገሩ ረገብ ካለ በኋላ እትዬ ክላራ፣ «አንቺስ ማንን ነበር የምትስሚው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከገዳሪፍ ወዲህ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በአማርኛ ቢሆን አልችለውም ነበር፤ በሰው ቋንቋ ስለሆነ ነው መሰለኝ ወጣልኝ። ከመተማ ጀምሮ ትከሻህ ላይ ተሸክመሃት እንደተጓዝክ፣ ተራዬ ነው ስልህ «ደክሞሻል» እያልክ እንደከለከልከኝ ነገርኳቸው። ካምፑ ውስጥ ኩፍኝ እንደገባ ነገርኳቸው። በቀብሯ ቀን ሴቶቹ ይዘው ሲያስቀሩኝ አንተ ብቻህን ጉድጓዱ ውስጥ ወርደህ፣ ፊቷን ገልጠህ አይተህ፣ መልሰህ ሸፍነህ እንዳስተኛሃት ነገርኳቸው። ስሜ ለአሜሪካ ሲወጣ «እሷን ጥዬ የትም አልሄድም» እንዳልከኝም አልደበቅኳቸውም።

እሳቸውም ሰምተው ሰምተው፣ «ባልሽን አመስግነሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላመሰገንኩህም። ተናድጄብህ ነው የሄድኩት፤ አንተም ተናድደህብኝ ነው የቀረኸው። ስለዚህ ጥላዬ፣ አሁን ስማኝ። ስለተሸከምክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ያልቻልኩትን ወርደህ በገዛ እጅህ ስላስተኛህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጠገቧ ስለቀረህላትም። ይኼን ሁሉ ዘመን ጠባቂዋ አንተ ሆነህ ሳለ እኔ ጠባቂ ፍለጋ ጠረጴዛ ስስም ከረምኩ።

እትዬ ክላራ ከቁም ሣጥን ብሩሾቻቸውን አስወጡኝ። «የቀኙ ፊት ባዶ ነው። ዓይኔ ፈጽሞ ሳይጠፋ ልሥራልሽ» አሉ። ክንዴን አስጠግተው ከቆዳዬ ጋር እያስተያዩ ቀለም በጠበጡ፤ ጠይም ቀለም ሠርተው ስለማያውቁ መጀመሪያ ቸኮላት ነበር የወጣላቸው፣ ተሳሳቅን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ትንሽ ይሠራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሹ እንጨቱን ሲነካ ግን ጸጥ ይላል። ሐኪሙ ዓይናቸው እስከ ፋሲካ ድረስ ቢያይ ነው ብሏል። ግንባሯ ወጥቷል። ዓይኗ ወጥቷል፤ ያ እንቅልፍ አልተኛም የሚለው ዓይኗ። ጋሜዋን ሳይቀር ሠሩላት፣ እኔ እየነገርኳቸው።

ጉንጯ ላይ ቆምን። ስትስቅ አንዱ ጉንጯ ብቻ ነበር የሚሰረጉደው። አንተ የአናጢ እርሳስህን ከጆሮህ ላይ አውርደህ፣ «እዚህ ጋ ሚስማር ይገባል» እያልክ ምልክት ታደርግበት ነበር፤ እሷ ደግሞ የበለጠ ትስቅልሃለች። ሳቋ ይሰማኛል። እርሳሱ ይታየኛል። የትኛው ጉንጯ እንደነበር ግን ጠፋኝ፣ ጥላዬ። አንድ ቀን ግራው ነው እላለሁ፣ በማግስቱ ቀኙ ነው እላለሁ። ፎቶ የለን። እናቷ ሆኜ ይኼ እንዴት ይጠፋኛል እያልኩ አልቅሻለሁ። እትዬ ክላራ በግምት እንዳይሠሩት ለምኛቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጉንጮቿን እንዲሁ ትተው መልስህን ይጠብቃሉ።

ና አልልህም። እሷን ጥለህ እንድትመጣ አልጠይቅህም፤ አሁን ይገባኛል። ብቻ ወረቀትህ ያኔ እንደተጀመረ ነው፣ አልተዘጋም፤ አባ ገብረሕይወትም ጠይቀው አረጋግጠዋል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የጠረጴዛው የኋላ ግራ እግር ላላ ብሎ ይወዛወዛል፣ ይኼን የምጽፍልህም በእሱ ላይ ነው፤ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚህ ነው። ማርግሬት አናጢ ልጥራ ብላ ነበር። እኔ ግን አናጢ አለኝ፣ ይቆይልኝ አልኳት።

እትዬ ክላራ ከእንቅልፋቸው ነቅተው እየጠሩኝ ነው። ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ «እትዬ ክላራ» ብለህ መጻፍ እንዳትረሳ። እኔን በደህና ያቆየ አምላክ አንተንም ያቆይልኝ። እጅህን ከመጥረቢያ፣ ደጅህን ከክፉ ይጠብቅ፤ የምትሠራው በር ሁሉ ለደግ ሰው ይከፈት። በሄድክ ቁጥር ከመቃብሯ ላይ አረሙን የሚነቅል ጣትህን ሳምኩ። ጢምህን ግን ተላጨው።

እጄ ተፍታታልኝ መሰለኝ።

የወይንሸት አባት፣ ግራው ነው ቀኙ?

የወይንሸት እናት፣
የሺእመቤት